በባቲ የሚያልቀው የጌም ዜማ

ማንያታ ሰፈር ውስጥ ጎህ ሲቀድ ክፍሌን ደጃፉ ላይ ቆሞ ያየ ሰው በሩን መልሶ መዝጋት ያምረዋል። ክፍሌ ክፉ ሰው አይደለም። ቀን ላይ ሲያዩት ቀጠን ያለ፣ ትከሻው ወደ ፊት የጎበጠ፣ ልጆች እየተጋፉ የሚገቡበት የጌም ቤት ባለቤት ነው። ነገር ግን በኬንያ በኩል ባለው ሞያሌ ሱቅና ሆቴል ከፍተው ከሚኖሩት ሐበሾች የአንዱ ዘመድ ሩቅ አገር ሲሞት፣ ሄዶ መርዶውን የሚነግረው እሱ ነው። ማንም አልሾመውም። ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ሳሉ አንዲት እናት የልጇን መሞት ሳትሰማ ከጎረቤት ጋር ስትሳሳቅ፣ ሽማግሌዎቹ ሁሉ እርስ በርስ እየተያዩ ዝም አሉ። ያኔ ገና ወጣት የነበረው ክፍሌ ተናገረ። ከዚያ ወዲህ ሥራው የእሱ ሆኖ ቀረ።

ሥራው የራሱ ደንብ አለው። መርዶ በስልክ አይነገርም። በምሽትም አይነገርም፤ ሐዘንተኛው ያቺን ሌሊት እንኳ ይተኛ ተብሎ እስኪነጋ ይጠበቃል። ሲነጋ አራት አምስት ሰው ሆነው ይሄዳሉ፤ ክፍሌ ከፊት፣ ወዳጁ ኤሌማ ከኋላው። ኤሌማ የሎሪ ጭነት እያገናኘ የሚኖር፣ ደረተ ሰፊ የቡርጂ ሰው ነው፤ የእሱ ድርሻ የሚወድቀውን መያዝ ነው። ክፍሌ መጀመሪያ ሰውየው እህል ቀምሶ እንደሆነ ይጠይቃል። ቀጥሎ ቤት ውስጥ ማን እንዳለ ይጠይቃል። ከዚያ «ትንሽ አሞት ነበር» ይላል። የቀረውን ሰሚው ራሱ ይጨርሰዋል።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው፣ ስለ ገዛ ልጁ ግን ድፍን አራት ዓመት አንዲት ክፉ ቃል እንድትነገር አልፈቀደም።

ክፍሌን ወደዚህ አገር ያመጣው ክላርኔት ነው ማለት ይቻላል። በደርግ ጊዜ የአንድ ክፍለ ጦር ማርሽ ባንድ አባል ነበር። ጦሩ ሲበተን ጓደኞቹ ጠመንጃቸውን ተሸክመው ወደ ደቡብ ሲሸሹ፣ እሱ ክላርኔቱን በፎጣ ጠቅልሎ ጉያው ውስጥ ከቶ ድንበር ተሻገረ። ሚስቱን ጤናዬን ያገኛት ዋልዳ ላይ ነው። ካምፑ ሲዘጋ ከፊሉ ወደ አገሩ፣ ከፊሉ ወደ ናይሮቢ ሄደ፤ እነሱ ሞያሌ ቀሩ። ጤናዬ ከኢትዮጵያ በኩል በርበሬና ሽሮ እያመጣች መሸጥ ጀመረች። ክፍሌ ደግሞ አሮጌ ቴሌቪዥንና በካሴት የሚሠራ የጌም ማሽን ገዛና በቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ክፍል ውስጥ አስቀመጠ። የቦረናው፣ የገሪው፣ የሐበሻው ልጅ ሁሉ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እዚያው ይጎርፍ ጀመር። «ሙዜ» ይሉታል፤ በስዋሂሊ ሽማግሌ ማለት ነው፣ ያኔ ገና አርባ እንኳ ሳይሞላው።

መጀመሪያ ላይ ሙዚቃው ራሱን አዞረው። ያው አንድ ዜማ ከጠዋት እስከ ማታ እየተመላለሰ ይጮሃል። ግን የማርሽ ባንድ ሰው ጆሮ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ውሎ አድሮ ማሽኑ በአንድ ጊዜ ከሦስት ድምፅ በላይ ማውጣት እንደማይችል ደረሰበት። አንዱ ዜማውን ይይዛል፣ ሁለተኛው ያጅባል፣ ሦስተኛው ከሥር ባሱን ይጎትታል። ከበሮው ደግሞ የተበላሸ ሬዲዮ እንደሚያሰማው ዓይነት ሽሽሽታ ነው።

«ይሄን የደረሰው ሰውዬ» አላት አንድ ቀን ጤናዬን፣ «ሦስት ወታደር ሰጥተውት አንድ ሻለቃ ያስመሰለ ሰው ነው።»

«ወታደሮችህን አስከትልና ሽሮዬን ከሎሪ አውርድልኝ» አለችው።

ካሴቶቹ ሁሉ ከሌላ ካሴት ተገልብጠው የመጡ ነበሩ። ሥዕላቸው ተፍቆ አልቋል። ከሁሉም ልጆቹ የሚወዱት አንድ ትንሽ ሰውዬ በታንኳ ሆኖ ወንዝ የሚወርድበትን ነበር፤ እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ስላልነበረ «ወንዙ» ይሉታል። የወንዙ ዜማ ቀስ ያለ ነው፣ ያባብላል። ይሁን እንጂ ያ ካሴት ሲገለበጥ አንድ ነገር ጎድሎበታል። ዜማው ወጥቶ ወጥቶ ሊያርፍ ሲል እንቅ ይልና ተቆርጦ እንደገና ከመነሻው ይጀምራል። ልጆቹ ግድም አልሰጣቸው። ክፍሌን ግን ጥርሱ ውስጥ እንደ ተሰነቀረ ሥጋ ያስቸግረው ነበር። ብዙ ጊዜ ከታገሠ በኋላ ክላርኔቱን አወጣና ለተቆረጠው ቦታ መጨረሻ አበጀለት፤ ሦስት ኖታ ብቻ። ዜማው የባሕር ማዶ ስለሆነ መጨረሻውንም እንደዚያው ሊያደርገው አስቦ ነበር፣ ጣቶቹ ግን እንቢ አሉት። ሦስቱ ኖታዎች በባቲ ቅኝት ወጡ። ታንኳው በሩቅ አገር ወንዝ ሲወርድ ቆይቶ ድንገት ወሎ ላይ የደረሰ ይመስል ነበር።

ልጁ ጌድዮን ክላርኔት መንፋት የተማረው በዚህ ዜማ ነው። ጓደኛው ሙደሲር ደግሞ አሮጌ ኦርጋን ላይ ይቀመጣል። ሙደሲር ወላጆቹ የሞቱበት ልጅ ነበር፤ አጎቱ የከብት ነጋዴ ስለሆነ ከብት ፍለጋ ኡራን ወደምትባል መንደር በወረደ ቁጥር እነ ክፍሌ ግቢ ጥሎት ይሄዳል። ግማሹን ልጅነቱን በዚያ ቤት በልቶ፣ በዚያ ቤት ተኝቶ ነው ያደገው። የጌድዮን ታናሽ እህት ሮዳስ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ትመታለች። ሦስቱ ሆነው የጌም ቤቱን ዜማ ሁሉ ያለ ጌም ይጫወቱት ጀመር። ልደት ላይ ይጠሯቸዋል፣ አንዳንዴም ሠርግ ላይ። አንድ ታዳሚ «ይሄ የማን ዘፈን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሙደሲር ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ «የአያቴ ነው፤ ታንኳ ገልብጧቸው ነው የሞቱት» ይል ነበር። ሞያሌ ውስጥ ታንኳ ቀርቶ ጀሪካን የሚያንሳፍፍ ውሃ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። ጌድዮን ሳቁ ስለሚያመልጠው ክላርኔቱ ይጮህበታል።

ሁለቱ ልጆች ትምህርት ጨርሰው ሥራ አጡ። ደላላ መጣ። እንደ ሰፈሩ ወጣት ሁሉ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊሄዱ ተነሱ። ክፍሌ ከለከለ፣ ጤናዬ አለቀሰች፣ ልጆቹ ሄዱ። ጌድዮን ከታንዛኒያ አንዲት ከተማ ደውሎ «ነገ እንነሳለን፣ ሰላም ነኝ» አለ። ከዚያ በኋላ የእሱም የሙደሲርም ስልክ ዝም አለ።

የመጀመሪያው ዓመት በጥበቃ አለፈ። በሁለተኛው ጤናዬ ለመነችው።

«ክፍሌ፣ ልጄ ሞቷል። ለቅሶ ልቀመጥ። ፍትሐት ይደረግለት።»

«ያየ ሰው አለ? የነገረሽ አለ?»

«ማን ይንገረኝ? እዚህ አገር መርዶ የሚናገረው አንተ ነህ።»

«እኔ ካልተናገርኩ እንግዲህ አልሞተም።»

እንዲህ ብሎ ሲናገር ጤናዬ ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ስለ ጉዳዩ አላነሳችበትም። ጥቁር ግን መልበስ ጀመረች። ለጠየቃት «ቆሻሻ ይችላል ብዬ ነው» ትላለች። የጌድዮንን ልብሶች አጥፋ በፌስታል አሰረቻቸው። እንደዚያ ቀስ በቀስ፣ ያለ ድንኳንና ያለ አልቃሽ፣ ልጇን ለብቻዋ እየቀበረች ነበር።

ኤሌማ በየእሑዱ ይመጣል። አብረው ይበላሉ። አንዳንዴ እጁን ሳይታጠብ በፊት «ክፍሌ፣ አንድ ነገር…» ብሎ ይጀምርና ስለ ናፍጣ መወደድ ያወራል።

ወሬው የመጣው በሮዳስ በኩል ነው። ሮዳስ ስልክ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ሥራ ሲቀዘቅዝ የድሮ ጌም ዜማዎችን በኦርኬስትራ የሚጫወቱ ሰዎችን ቪዲዮ ታያለች፤ ከወንድሟ የቀራት ልማድ ነው። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ነው። በልጅነቱ የሰማትን የሦስት ድምፅ ጩኸት ወስዶ ለቫዮሊንና ለፒያኖ የሚያከፋፍል፣ ሱፍ ለብሶ ቆሞ የሚነፋ። አንድ ከሰዓት እየሮጠች ጌም ቤት ገባች።

«አባዬ፣ ና ውጣ። ስማ እስቲ።»

«ምንድን ነው?»

«ዝም ብለህ ስማ።»

ቪዲዮው የደቡብ አፍሪካ የወጣቶች ኦርኬስትራ ነው። ርዕሱ «ወንዙ፣ ከሞያሌ» ይላል። ያየው ሰው ትንሽ ነው። አዳራሹ ጨለም ያለ ሲሆን ተጫዋቾቹ ጥቁር ለብሰዋል። ከቫዮሊን የሚበልጡት ቼሎዎች ባሱን አነሱት፤ ያ የማሽኑ ደረቅ ጉርምርምታ አሁን ከእንጨት ሆድ ውስጥ ይወጣ ነበር። ቫዮሊኖቹ አጃቢውን ያዙ። ሆርን የሚባለው ጥሩምባ ገባ። ክፍሌ በሕይወቱ ዜማውን እንዲህ ሰፍቶ ሰምቶት አያውቅም። ታንኳዋ የምትሄደው በቴሌቪዥን መስተዋት ላይ ሳይሆን በእውነተኛ ውሃ ላይ መሰለው። ከዚያ ዜማው ወጥቶ ወጥቶ ሊያርፍ ደረሰ። ሁሉም ዝም አሉ። ክላርኔት ብቻውን ሦስት ኖታ ነፋ፤ በባቲ።

ክፍሌ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«ይሄን የሚያውቅ» አለ፣ «ከዚህ ቤት በቀር የለም።»

«ሙደሲርም ያውቀዋል፣ አባዬ።»

«ሙደሲር ኦርጋን ነው። ይሄ ክላርኔት ነው።»

የክላርኔቱ ነፊ ረጅም የኖታ ማስቀመጫ ጀርባ ተቀምጧል። የሚታየው ክርኑ ብቻ ነው። ማታ ለጤናዬ ሲያሳያት አላመነችም። ሁለተኛ አሳያት። በሦስተኛው ስልኩን ከእጁ ነጥቃ ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«ክርኑ» አለች። «ይሄ የጌዲ ክርን ነው። ሲነፋ እንዲህ ያወጣዋል፣ አላየኸውም? ሁልጊዜ ስቆጣው አልነበር?»

በማግስቱ ጥቁሩን ቀሚስ አወለቀች። ፌስታሉን ፈትታ የልጇን ሸሚዞች አጥባ አሰጣቻቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ለመቁረጥ የታገለችውን ተስፋ በአንድ ሌሊት መልሳ ቀጠለችው። ክፍሌ አብሯት ሳቀ። «አላልኩሽም?» አላት። «እኔ ካልተናገርኩ አልሞተም አላልኩሽም?»

ሮዳስ ከቪዲዮው ሥር በአማርኛ ጻፈች። «ይህን ዜማ ማን ሰጣችሁ? እኛ የጌድዮን ቤተሰቦች ነን። ከእሱ ወሬ እየጠበቅን ነው።» ቀናት አለፉ። ከዚያ መልስ መጣ። «ሮዳስ፣ እኔ ሙደሲር ነኝ። የጋሽ ክፍሌን ቁጥር ላኪልኝ። ሐሙስ ከሰዓት ለእሳቸው ብቻ እደውላለሁ።»

«ሙደሲር ካለ ጌዲም አለ» አለች ጤናዬ። «እነሱ መቼ ተለያይተው ያውቃሉ?»

ሮዳስ ግን «ለእሳቸው ብቻ» የሚለውን ደግማ ደጋግማ አነበበችው።

ሐሙስ ጤናዬ ድንበር ተሻግራ ገበያ ሄደች፤ ለሚመጣው ልጅ አንሶላ ልትገዛ ነው። ክፍሌ ልጆቹን «መብራት ሊጠፋ ነው፣ ውጡ» ብሎ አስወጣ።

«ሙዜ፣ ገና አንድ ሕይወት ይቀረኛል እኮ!» ብሎ አንዱ ተከራከረ።

«ነገ ትጨርሰዋለህ። ሂድ።»

ስልኩ ጮኸ። ሙደሲር ከአንድ ሱቅ የብረት ፍርግርግ ጀርባ ተቀምጦ ታየ። ጢም አውጥቷል፣ ፊቱ ከስቷል፣ ጸጉሩ ከፊት ሸሽቷል።

«ጋሽ ክፍሌ።»

«ሙደሲር! ምን ሆነህ ነው? አጎትህን አክለሃል እኮ!»

«ጸጉሬን ብቻ ነው ያጣሁት» አለና ለመሳቅ ሞከረ። «እርስዎ አልተለወጡም።»

«ኦርኬስትራውን ሰማነው። ከእኔ ማርሽ ባንድ ይበልጣል።»

«ልጆቹ ከሱቄ ጎን ባለው አዳራሽ ነው የሚለማመዱት። የድሮ ጌም ሙዚቃ ብቻ ነው የሚጫወቱት። አንድ ቀን ወንዙን በኦርጋን አሰማኋቸው። የትኛው ጌም ነው ብለው ፈለጉ፣ ፈለጉ፣ አጡት። መጨረሻውን ለማስጠናት ነው የተቸገርኩት። ቫዮሊኖቹ ልክ አይደለም ብለው እንቢ አሉኝ። ለክላርኔት ብቻ ስጧት አልኳቸው።»

«ክላርኔቱን የሚነፋው ማነው?»

«የዚህ አገር ልጅ ናት።» ሙደሲር ዓይኑን ሰበረ።

ክፍሌ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ። «ጌዲስ?»

«ምሳ በሉ፣ ጋሽ ክፍሌ?»

«በላሁ።»

«ቤት ማን አለ? እትዬ ጤናዬ አሉ?»

የጌም ማሽኑ አልጠፋም ነበር፤ ከጀርባው አንዱ ዜማ ይመላለሳል። ክፍሌ ጥያቄዎቹን አወቃቸው። በስንቱ ደጃፍ ላይ በዚሁ ቅደም ተከተል ጠይቋቸዋል። ሙደሲር እስላም ነው፤ በእሱ ወገን ሰው ሲሞት ወዲያው ይነገራል፣ ወዲያው ይቀበራል። ይህን አጠያየቅ የቀሰመው ከዚሁ ግቢ ነው። ክፍሌና ኤሌማ ከመርዶ መልስ እጃቸውን እየታጠቡ ሲያወሩ፣ እሱና ጌዲ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር።

«ጌዲን ትንሽ…»

«ተው» አለ ክፍሌ። «አትጨርሳት።»

ሙደሲር ከፍርግርጉ ኋላ ግንባሩን በእጁ ደግፎ አለቀሰ። ክፍሌ አላለቀሰም። ለሌሎች ሲናገር እንደሚያደርገው ዝም ብሎ ጠበቀው።

«ለማን ተነገረ?» አለ በመጨረሻ። «መቼም እኔን መጀመሪያ አትነግረኝም።»

«ታንዛኒያ እስር ቤት ነበርኩ። እንደ ወጣሁ በሎሪ ሹፌር መልእክት ላክሁ። ለጋሽ ኤሌማ ብዬ። እሳቸውም ደርሶኛል ብለው መለሱልኝ። ለቅሶውን ተቀምጣችሁ የጨረሳችሁ መስሎኝ ነበር እኮ። ሮዳስ ወሬ እየጠበቅን ነው ብላ ስትጽፍ… ጋሽ ክፍሌ፣ ያኔ ነው የገባኝ።»

ኤሌማ ሎሪዎቹ ከሚቆሙበት ሜዳ ላይ ነበር፤ የፍየል ጭነት እያስቆጠረ ይጮሃል። የክፍሌን አካሄድ ከሩቅ ሲያይ ጩኸቱን አቆመ።

«መቼ ነው የሰማኸው?» አለው ክፍሌ።

ኤሌማ አልካደም። «አምና ሳይሆን ካቻምና። ከፋሲካ ቀደም ብሎ።»

«በየእሑዱ ማዕዴ ላይ ተቀምጠሃል።»

«በየእሑዱ ልነግርህ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ ምላስህ የት ሄደ?»

«ሰዎቹን ሰበሰብኩ፣ ክፍሌ። ማን ከፊት ይቁም ተባለ። ሁሉም እኔን አየኝ። እኔ መያዝ ነው የማውቀው፣ መናገር አላውቅም። መናገር የሚያውቀው አንተ ነህ። አንተን ጠርተን ‹ና፣ ለክፍሌ መርዶ ንገርልን› እንበልህ?» ኤሌማ አፉን በመዳፉ ጠረገ። «መጀመሪያ ፋሲካው ይለፍ አልን። ከዚያ ጤናዬን ደም ግፊቱ ጣላት። ከዚያ የሮዳስ ፈተና ደረሰ። ቀኑ ባለፈ ቁጥር መዘግየታችን ራሱ ሌላ ነውር ሆነብን። ሌላ ሰው ይነግረዋል እያልን፣ ሁላችንም።»

«ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል ማለት ነው።»

ኤሌማ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«ልብሱን አጥባ ስታሰጣ አይታችኋል» አለ ክፍሌ። «በአጥር በኩል አይታችኋታል። ሰላምታ ሰጥታችኋት አልፋችኋል።»

እጁን አነሳ። ኤሌማ ሊመታው መሆኑን አውቆ አልሸሸም፤ እንዲያውም ፊቱን አቀረበለት። እጁ ግን ወረደና የሎሪው በር ላይ አረፈ። በሩ ፀሐይ ሲመታው ውሏል፤ ይፋጃል። ክፍሌ መዳፉን ቶሎ አላነሳም።

«ነገ ጎህ ሲቀድ ሰዎቹን ይዘህ ና» አለ።

«ማን ይናገራል?»

«ማን የሚችል አለ?»

ጤናዬ ማታ አንሶላውን ዘርግታ ጠበቀችው። ጠርዙ ላይ ሰማያዊ አበባ አለው። «ደወለ?» አለችው ገና ሲገባ።

«ኔትወርክ እንቢ አለ። ነገ ይደውላል።»

«ምነው ፊትህ?»

«ደክሞኝ ነው።»

ሮዳስ ከጓዳው በር ላይ ቆማ አባቷን አየችው። ዓይኑን አነሳባት፣ ያን ጊዜ ገባት። ሸሚዟን ነክሳ ወደ ጓዳው ተመለሰች። ጤናዬ እራቱን በደንብ በላች፤ ስለ አንሶላ ሻጩ ነጋዴ ውሸት እያወራች ሳቀች። ቶሎም እንቅልፍ ወሰዳት። ክፍሌ ያንን እንቅልፍ ለስንቱ ሐዘንተኛ ሰጥቷል፤ አጠገቡ ተኝቶ ሲያንኮራፋ ግን ሰምቶ አያውቅም ነበር። ምን ያህል ጭካኔ እንዳለበት አሁን ገባው።

ሰማዩ ግራጫ ሲሆን ተነሣ። ጋቢውን ለብሶ በኋላ በር ወጣ። ከቤት ውስጥ ሆኖ፣ ከአልጋ ላይ፣ መናገር አልቻለም፤ የሚያውቀው ከደጅ መናገር ነው። ዞሮ ወደ ዋናው በር መጣ። ኤሌማ ከሰዎቹ ጋር እዚያው ቆሟል። ማንም «እንደምን አደርክ» አላለም። ቦታ ለቀቁለት። ክፍሌ ከፊት ቆሞ የራሱን ቤት በር አንኳኳ።

ጤናዬ ጸጉሯን በሻሽ እያሰረች ከፈተች። መጀመሪያ ባሏን አየች። ልትስቅበት ነበር፤ ከውጭ ምን ትሠራለህ ልትለው። ከዚያ ከጀርባው ኤሌማን አየች፣ ከኤሌማ ጀርባ ሌሎቹን። እንዲህ ተሰልፈው ወደ ሌላ ቤት ሲሄዱ ብዙ ጊዜ በመስኮት አይታቸዋለች።

ክፍሌ አፉን ከፈተ። እህል ቀምሰሽ እንደሆነ ሊላት ነበር። አብሯት የበላው እሱ ነው። ቤት ውስጥ ማን አለ ሊላት ነበር።

«ተናገር» አለች ጤናዬ። «ለሰው ስትናገር አፍህ አይያዝም።»

«ጌዲ ሞቷል፣ ጤናዬ። ዱሮ ነው የሞተው። መንገድ ላይ።»

ሰዎቹ ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጡ። ጤናዬ አልወደቀችም። በሩን በአንድ እጇ ይዛ ቆመች።

«ማን ቀበረው?»

ክፍሌ ወደ ኤሌማ ዞረ። ኤሌማ መሬት አየ። ከካቻምና ጀምሮ ሲያውቅ ይህን አልጠየቀም። ክፍሌም አልጠየቀም።

«ማን ቀበረው እያልኩ ነው!»

ክፍሌ ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ሙደሲር ወዲያው አነሳ፤ ሳይተኛ ያደረ ድምፅ ነው። ጤናዬ ስልኩን ወሰደች።

«ሙደሲር። ልጄን ማን ቀበረው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።» ድምፁ ከስልኩ ወጥቶ ለሁሉም ይሰማል። «ሎሪው የተዘጋ ነበር። አየር አጠረን። ሲከፍቱት ጌዲ አልነቃም። ሹፌሩ እዚህ ጥለነው እንሂድ አለ። ሌሎቹ ተሳፈሩ። እኔ ወረድኩ። የመንደሩ ሰዎች አካፋ ሰጡኝ። ፖሊስ የያዘኝም እዚያው ነው፣ ስቆፍር።»

«ፊቱን ወዴት አዞርከው?»

«ወደ ምሥራቅ። የእናንተን አውቃለሁ እትዬ። ሸሚዜን ነው ያለበስኩት፣ የእሱ ረጥቦ ስለነበር። መስቀልም አድርጌለታለሁ፣ ከበቆሎ አገዳ ነው፤ ሌላ እንጨት አጣሁ።»

«መንደሩ ማን ይባላል?»

ጤናዬ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«ስሙን ንገረኝ። ሄጄ አየዋለሁ።»

«አላውቀውም፣ እትዬ። ማንም አልነገረኝም።»

«ስም የሌለው መንደር የለም። አስታውስ።»

«እትዬ ጤናዬ፣ ይማሩኝ…»

«አስታውስ እንጂ!» አለች፤ ቃሉ መሐል ላይ ተሰንጥቆ ሌላ ነገር ሆነ፣ ሮዳስ ከጓዳ እየጮኸች ወጣች፣ የጎረቤት በሮች ተከፈቱ። ሙደሲር ከስልኩ ውስጥ የሚያስታውሰውን እየቆጠረ ነበር፤ የውሃ ጉድጓድ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ ሱቅ፣ ጣሪያው የፈረሰ መስጊድ፣ ወደ ግራ የሚታጠፍ የአፈር መንገድ። ከዚያ በኋላ የተናገረውን ማንም አልሰማውም።